ፋቂው ማን ነው

ሰው የሚሸሸው ወገን ማን እንደ ሆነ ሳይመረምር ብዙ ዘመን ሊሸሽ ይችላል። እኔም እንዲህ ሆኜ ኖሬአለሁና የራሴን ነገር ልንገራችሁ።

ባደግሁበት አገር ከወንዙ ማዶ የቀጥቃጮችና የቆዳ ፋቂዎች መንደር ነበረ። ቡዳ ናቸው ይባሉ ስለ ነበር እናቴ ወደ ገበያ በላከችኝ ጊዜ ሁሉ «ምግብ ይዘህ በፊታቸው እንዳታልፍ» እያለች ታስጠነቅቀኝ ነበር። ከማዶ የሚመጣ ሰው ባየሁ ጊዜ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ መንገድ እለቅ ነበር። ነገር ግን ማረሻችን በደነዘዘ ጊዜ አባቴ ወደ ማዶ ይወርድ ነበር፤ እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድም የሠሩት የቀጥቃጮቹ ሚስቶች ነበሩ። ምጣዳቸውን ሳንፈራ እንጀራቸውን እንፈራ ነበር። ይህ ነገር እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ቁም ጽሕፈት ልማር ወደ አንድ ጸሐፊ ዘንድ ገባሁ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ግን ፊደል መጣል አልነበረም፤ የፍየል ቆዳ ነበር እንጂ። ቆዳውን በውሃ እዘፈዝፋለሁ፤ በመወጠሪያው እንጨት ላይ ወጥሬ ከውስጥ ስቡን፣ ከውጭ ጠጕሩን በስለት እፍቃለሁ፤ ደግሞ በድንጋይ አለሰልሰዋለሁ። ለቀለሙም ጥላሸት እወቅጣለሁ። ሽታው ከልብሴ፣ ጥቍረቱም ከጥፍሬ አይለቅም ነበር።

አንድ ቀን ቆዳ ተሸክሜ ከገበያ ስመለስ አንድ ትንሽ ልጅ አየኝና አፉን በነጠላው ሸፍኖ ከመንገድ ወጣ። ለባልንጀራውም «ፋቂ» ሲለው ሰማሁ። እጅግ ተቈጣሁ። «የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነኝ እንጂ ፋቂ አይደለሁም» ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን መምህሬ በየማለዳው የሚያዝዘኝ «ብራናውን ፋቅ» እያለ እንደ ነበረ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። የምፍቅበትንም ስለት የሠራው የማዶው ቀጥቃጭ ነበር። የፋቂው ቆዳ ጠፍርና ስልቻ ይሆናል፤ የኔው መጽሐፍ ይሆናል። ፍየሉ ግን አንድ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ያወጡትን አዋጅ አነበብሁ። በዚያ አዋጅ ጸሐፊው ጠንቋይ እንዳይባል ከቀጥቃጩና ከሸማኔው ጋራ አብሮ ተቈጥሯል። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ በመሰኘት ፈንታ ከነርሱ ጋራ በመቈጠሬ ቅር አለኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሚስዮናውያኑን መድፍ ባሠሩአቸው ጊዜ ፈረንጆቹ ባለሙያዎች ተባሉ፤ የአገሬ ብረት ሠሪ ግን ዛሬም በየስፍራው ክፉ ስም አለበት። ፍርዳችን በእሳቱና በመዶሻው ላይ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ እኔ ከነርሱ ወገን ነኝን? በእጄ ሥራ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ይህን ማለት ለኔ ቀላል ነው። ልጄን ለማግባት ማንም አይጸየፍም፤ በሞትሁም ጊዜ ቀባሪ አላጣም። እኔ እጄን ታጥቤ ስሙን ከጥላሸቱ ጋራ እጥለዋለሁ፤ በዚያ መንደር የተወለደው ግን ማረሻ ባይሠራ እንኳ ስሙ ይከተለዋል። ስለዚህ «እኔም ፋቂ ነኝ» እያልሁ በአደባባይ መመካት ዕዳ ሳይከፍሉ ደረሰኝ እንደ መቀበል ይመስለኛል።

መምህር ከሆንሁ በኋላ ስለት ላሠራ ወደዚያው ወንዝ ማዶ ወረድሁ። ሽማግሌው ቀጥቃጭ ሥራውን ጨርሶ «የኔታ፣ ቤት ያፈራውን ይቅመሱ» አለኝ። ሚስቱም እንጀራ በሽሮ አቀረበች። ይህን ሁሉ አስቤ፣ ይህን ሁሉ አንብቤ ሳለሁ እጄ ከመሶቡ በላይ ጥቂት ዘገየች። ቈርሼ በላሁ፤ ሴቲቱ ግን መዘግየቴን አይታለች።