ደም የሚገታው መርፌና ሦስቱ ሰዓቶች

ከጽጽቃና ከተከዜ ዳር ቀበሌዎች፥ ከወሊድ በኋላ ደም የበዛባት እናት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትደርስ፥ አጃቢዎቿ አስቀድመው የሚጠይቁት «መርፌው አለ ወይ?» ብለው ነው። እኛ ግን ከዚያ በፊት «ከወለደች ስንት ሰዓት ሆናት?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል እንላለን።

መርፌው ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። ባልና ሚስት የሆኑ የጃፓን ሐኪሞች፥ ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 በጽሑፍ ያስታወቁት መድኃኒት ነው። ሥራውም ደምን ማርጋት ሳይሆን፥ የረጋው ደም መልሶ እንዳይሟሟ መጠበቅ ነው። በ2017 ውጤቱ የታወቀው፥ በ21 አገሮች በ20,060 እናቶች ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳው፥ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ፥ ደም ፈሷቸው ከሚሞቱት ሲሶ ያህሉን ያድናል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ጥቅሙ አልታየም። በሦስቱ ሰዓት ውስጥም ቢሆን 15 ደቂቃ በዘገየ ቍጥር ጥቅሙ ከመቶ 10 ያህል ይጐድላል። እንግዲህ ዳገቱና ወንዙ ምን ያህሉን እንደሚወስዱብን የዋግ ሰው ራሱ ያውቀዋል።

የሚሰጠው 1 ግራም በደም ሥር፥ በ10 ደቂቃ ያህል፥ በዝግታ ነው። ማሕፀንን የሚያኰማትረውን ኦክሲቶሲንን አይተካም፤ አብሮት ይሰጣል። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤት ውስጥ ማስወጋት ግን በማናቸውም ምክንያት የማይፈቀድ ነው።

የባለሙያው ጥንቃቄ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የመድኃኒቱ ብልቃጥ፥ በቀዶ ጥገና ጊዜ በጀርባ አከርካሪ ለማደንዘዣ ከሚወጋው ከቡፒቫኬይን ብልቃጥ ጋር ይመሳሰላል። በስሕተት ወደ አከርካሪ የገባ እንደ ሆነ ብርቱ መንዘፍዘፍ ያስከትላል፤ ከተመዘገቡትም በሽተኞች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለዚሁ በ2022 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። «ጽሑፉን አንብቡ» ማለት ብቻውን በቂ መስሎ አይታየንም፤ በሌሊት፥ በድካምና በጥድፊያ መካከል የሰው ዓይን ይታለላልና። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ መደርደሪያ ፈጽሞ መቀመጥ የለባቸውም፤ ትራኔክሳሚክ አሲድም ከማደንዘዣው ክፍል ውጭ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከመምህራን የምንለምነው ቀላል ነገር ነው። በሠፈራችሁ ሴት በቤት ወልዳ ደም ሲበዛባት፥ ሰዓት ያለው ሰው የወለደችበትን ሰዓት በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለቃሬዛው ተሸካሚዎች ይስጥ። ሐኪሞች በፈረንጅ ሰዓት መጻፍ ስለሚወዱ (እኛም ከውጭ አገር ይዘነው የመጣን ልማድ ነው)፥ «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለው ቃል ከቍጥሩ ጋር አይረሳ።