የዓሣ ገንዳ በቤት ውስጥ ስለሚቀመጥበት ስፍራ

በመስተዋት ገንዳ ዓሣን ለሕዝብ ማሳየት በለንደን የእንስሳት ማቆያ በ1853 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ ገንዳው እየታነሰ ወደ ሰው ቤት ገባ። በዚህ በከተማችን በአዲስ አበባም በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ዓሣ የሚያኖሩ ቤተ ሰቦች አሉ። ለዓይን ደስታ፤ ለልጆችም ትምህርት ነውና ነገሩን እናመሰግናለን። ነገር ግን ብዙ ሰው ገንዳውን ባማረበት ስፍራ ያኖረዋል እንጂ እጅ ይደርስ እንደ ሆነ አስቀድሞ አይመረምርም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጕዳይ ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድን።

በአንድ ወዳጃችን ቤት ያየነውን እናስታውስ። ገንዳው በክፍሉ ማዕዘን ከግድግዳና ከቁም ሣጥን መካከል ተጣብቆ ነበር፤ በላዩም የመጻሕፍት መደርደሪያ ተቸንክሮ ስለ ነበረ፤ ከክዳኑ በላይ ያለው ክፍት ስፍራ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። የቤቱ እመቤት ውኃውን ለመለወጥ ሲነሡ ክንዳቸው ከታች አይደርስም፤ ማጣሪያውንም ለማውጣት ባለቤታቸው ቁም ሣጥኑን መግፋት ነበረባቸው። ሥራው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከሳምንት ወደ ሳምንት፤ በኋላም ከወር ወደ ወር ተላለፈ። በመጨረሻም ማጣሪያው በእድፍ ተደፍኖ ቆመ፤ በስተ ኋላ ተሸሽጎ ስለ ነበረም ማንም አላየውም። በማግሥቱ ማለዳ የስምንት ዓመት ልጃቸው ዓሦቹን በውኃው ላይ ተንሳፈው አገኘቻቸው። «የራባቸው መስሎኝ ማታ ምግብ ጨምሬላቸው ነበር» እያለች አለቀሰች። ጥፋቱ ግን የሕፃኗ አልነበረም።

ምክንያቱን እንግለጽ። ከዓሣው እዳሪና ከተረፈው ምግብ አሞንያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፤ ቀጥሎም ጕዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ እንዳይከማች ደግሞ ከውኃው ከፊሉ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ማጣሪያው ሲቆም መርዙ ይበዛል፤ ውኃውም ስለማይናወጥ አየር ያንሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፤ ውኃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው እኩል ሙቀት ያለው ውኃ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ደጋ መዘግየት ይበልጥ ይጐዳል።

ስፍራው የሚመረጠው ገንዳው ባዶ ሳለ ነው። ርዝመቱ 100፤ ወርዱ 40፤ ቁመቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል፤ የውኃው ክብደት ብቻ 200 ኪሎ ነው። መስተዋቱና ጠጠሩ ሲጨመር ይህ ሸክም ከተሞላ በኋላ አይነቃነቅም፤ ቢገፉትም መጋጠሚያው ሊሰነጠቅ ይችላል። መቆሚያው ጠንካራ፤ በውኃ ልክም የተስተካከለ ይሁን።

በትልልቆቹ የዓሣ ማሳያዎች ከገንዳው በስተ ኋላ ለሠራተኛ መተላለፊያ ይተዋል። በቤታችንም በመጠኑ እንዲሁ እናድርግ። በስተ ኋላ ለቱቦና ለእጅ አንድ ስንዝር ያህል፤ ከላይ ክዳኑ ተከፍቶ ክንድና መረብ እንዲገባ የገንዳውን ቁመት ያህል፤ ከፊትም ለአንድ ሰውና ለአንድ ባልዲ የሚበቃ ስፍራ ይተው። ውኃ በጎማ የሚወርደው ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ነውና ባልዲው ከገንዳው በታች መቀመጥ አለበት።

ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ይራቅ፤ ብርሃኑ ውኃውን ያሞቀዋል፤ አረንጓዴ ዝልግልግም በመስተዋቱ ላይ ያበዛል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ እጅ በሚደርስበት፤ ውኃ ግን በማይረጭበት ስፍራ ይሁን። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደ ገና ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚፈሰው ጠብታ ሶኬቱን ሳይነካ ከታች ይንጠባጠባልና። እጅን ወደ ውኃው ከማስገባት በፊት ገመዱን መንቀል ግዴታ ነው፤ ይህንንም ልጆች ይማሩ።

አንድ ቀላል ፈተና አለ። ውኃ ሳይሞላ በፊት የጽዳቱን ሥራ ሁሉ በባዶው ገንዳ አንድ ጊዜ መሥራት ነው፤ ይኸውም የሩቁን ማዕዘን ታች በእጅ መንካት፤ ማጣሪያውን አውጥቶ መመለስ፤ ባልዲውን አኑሮ ማንሣት ነው። ከነዚህ አንዱ እንኳ ካስቸገረ ገንዳው ስፍራ ይለውጥ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ የዛሬው ጥቂት ድካም የነገውን ኀዘን ያስቀራል።

ወዳጃችን መደርደሪያውን ነቅለው ገንዳውን ከማዕዘኑ አወጡት። ክፍሉ እንደ ቀድሞው ሰፊ አይመስልም፤ ነገር ግን ልጃቸው ዛሬ በየቅዳሜው ባልዲዋን ይዛ እናቷን ትረዳለች፤ አዲሶቹም ዓሦች በሕይወት አሉ።