ወኔ ብቻውን ቤት አይሠራም

በዚህ ዓመት ትምህርታቸውን ከሚጨርሱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ማታ ማታ በመኝታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ስንጨዋወት፥ ወሬው ከየትም ቢነሣ ማረፊያው ቤት ነው። ገና የመጀመሪያ ደመወዙን ያልተቀበለ ሰው አንድ ቤት ገዝቶ ስለ ማከራየት፥ በኪራዩም ሁለተኛውን ስለ መግዛት፥ በ10 ዓመት ውስጥም ባለ ብዙ ቤት ስለ መሆን ያወራል። እኛ በዚህ ሕልም ለመሳቅ አልተነሣንም፤ ከመካከላችን ያላለመው የለምና።

የሚያስቀን የመግቢያ ዋጋ ከፍለን በየአዳራሹ የምንሰማው ንግግር ነው። ተናጋሪው ልብሱን አሳምሮ ይወጣና ሀብታምና ድኻ የሚለዩት በአስተሳሰባቸው ብቻ እንደ ሆነ፥ አጥብቆ የተመኘም ሁሉ ባለ ሕንፃ እንደሚሆን ይነግረናል። እኛም አጨብጭበን እንወጣለን። ወኔያችን እስከ ሐሙስ ይሞቃል፤ ዓርብ የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ይበርዳል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ እንደ ገና ለማሞቅ እንከፍላለን።

በእኛ አስተያየት የወጣቱን ልብ የሚያቀዘቅዘው ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። እንግዲህ ጭማሪውን 30 ብቻ ብለን ብንቈጥረው እንኳ፥ በዚያ ዓመት መጀመሪያ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በመጨረሻው 107 ብር አወጣ፤ የሚገዛለት ግን ቀድሞ በ82 ብር ይገኝ የነበረውን ያህል ነው። ሳይጠጣ፥ ሳያባክን፥ ሳይዘረፍ 18 ብር ከእጁ ጠፋ። ቤት ቤት የሚለው ሰው ሁሉ ስግብግብ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ቢሠሩት እንወድ ነበር። ሰው ወደ ግድግዳና ወደ ቆርቆሮ የሚሸሸው ገንዘቡ እጁ ላይ ሲሟሟ ስላየ ነው።

ከመካከላችን የአንዱን እናት ነገር እናንሣ። እኚህ እናት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለ20/80 የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ሲከፈት ባለ አንድ መኝታ መረጡ፤ በወር 274 ብር ለ5 ዓመት፥ ጠቅላላው 16,440 ብር ማለት ነው። አንድም ወር አላሳለፉም። ጤፍ ሲወደድ የራሳቸውን ምሳ ተዉ እንጂ ያችን ገንዘብ አልነኩም። ዕጣ በወጣ ቍጥር ልጃቸውን ጋዜጣ ያስገዙና ስማቸውን ጣታቸውን እያስኬዱ ይፈልጋሉ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ በኮምፒዩተሩ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ተሰረዘ ሲባል፥ «ይሁን ልጄ፥ እንደ ገና ይወጣል» አሉ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ። ስማቸው አልነበረም። ዛሬም ተከራይ ናቸው።

ጽናት ከተባለ ከዚህ የሚበልጥ ጽናት የት ይገኛል? የአዳራሹ ተናጋሪ ለእኚህ እናት ምን ሊላቸው ነው? አስተሳሰብዎን ያስተካክሉ ሊላቸው ነው?

ነገር ግን እውነቱን እንናገር ካልን ከእርሳቸውም የምንማረው አለ፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግረናቸው ሳቁብን እንጂ አልተቈጡም። 5 ዓመቱ ካለቀ በኋላ ያ ገንዘብ የሚጠብቀው ዕጣን ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን ከዚያም ወዲያ የተረፋቸውን ሁሉ እዚያው ደብተር ላይ እየጨመሩ ሄዱ። የጨመሩት ገንዘብ አንድ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛ ነበር፤ ሁለተኛው ምጣድም ገቢያቸውን ያሳድገው ነበር። ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላላቸውም። ልጃቸው የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነው፤ እርሱም አላሰላላቸውም። አሁን ይህን ስንጽፍ አጠገባችን ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። ጽናት ማለት ዓላማን አለመልቀቅ ነው፤ መንገዱን በየጊዜው አለመመርመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ሁለቱን አንድ እያደረግን እናመሰግናለን።

በሌላው ወገን ደግሞ መቸኰል አለ። ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ወዳጃችን፥ ያጠራቀመውንና ከአጎቱ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ ለአንድ የቤት ሻጭ ድርጅት ቅድመ ክፍያ ከፈለ። ያየው በወረቀት ላይ የተሳለ ሕንፃ ነበር፤ መዋኛ ገንዳ ሳይቀር ተሥሎበታል። የቦታውን ካርታ አልጠየቀም፤ የግንባታ ፈቃዱን አልጠየቀም፤ በውሉ ላይ የማስረከቢያ ቀን ቢያልፍ ሻጩ ምን እንደሚከፍል አላነበበም። ሦስት ክረምት አለፈ። ቦታው ላይ ያለው ጕድጓድ ነው፤ ውኃ ስለ ሞላበት ገንዳውስ ተገኝቷል እያልን እንቀልድበታለን፤ እርሱ ግን አይስቅም። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የሚያሳዝነው እኮ ሰነፍ አለመሆኑ ነው፤ ከሁላችንም ይልቅ ወኔ የነበረው እርሱ ነው።

ከከተማው ዳር ቦታ በመንደር ውል የሚገዙትንም እናውቃለን። ሁለት ሽማግሌ ፈርሞበታልና ይበቃል ይላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በቍጥር 1723፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይህን ሳያውቅ የጨረቃ ቤት የሠራ ሰው ትጋቱ ሁሉ በአንድ ቀን በዶዘር ይናዳል።

እኛ ስድስት ሆነን እቁብ ጀምረናል። ትልቅ ነገር አድርገን ለመናገር አይደለም፤ አያቶቻችን ያደረጉትን ነው። ብቻችንን ስንሆን የማንጠብቀውን ቃል፥ የእቁቡ ዳኛ ዓይን ሲያየን እንጠብቀዋለን። የወጣለት ሰው ገንዘቡን በስልክና በጫማ እንዳያጠፋው ተስማምተናል፤ ወይ ገቢ ለሚያመጣ መሣሪያ ይውላል፥ ወይ ወላጆቹ ካርታ ያለው ግቢ ካላቸው ለአንዲት ሰርቪስ ክፍል ይውላል። በጥርና በሐምሌ ደግሞ ተሰብስበን ሒሳቡን እናያለን፤ ያጠራቀምነው ስንት ብሎኬት ይገዛል ብለን እንጠይቃለን። ብሩን በብር ስንቈጥረው ያደገ ይመስላል፤ በብሎኬት ስንቈጥረው አንዳንድ ጊዜ ቀንሶ እናገኘዋለን። ያን ዕለት ፊታችን ይጠቍራል፤ ግን መንገዱን የምንለውጠውም ያን ዕለት ነው።

አሁን ወደ አንድ የማይመች ነገር እንምጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ። ከ10 ዓመት በኋላ፥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47 ታወጀ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወ። የአዋጁን ጕዳት እናውቃለን፤ ቤት ሠርቶ የሚያከራይ ጠፋ፥ የቀበሌ ቤቶችም ሳይታደሱ አረጁ። ሆኖም እነዚያ ተማሪዎች የጮኹት ሌላው ሠርቶ እነርሱ እንዲቀመጡ አልነበረም። እኛ የእነርሱ ወንበር ላይ ተቀምጠን የምናልመው አከራይ ለመሆን ከሆነ ምን ዓይነት አከራይ እንደምንሆን አስቀድመን መነጋገር ይገባናል። አብዛኞቻችን የተከራይ ልጆች ነን። በወር ኪራይ ላይ ጭማሪ ሲመጣ አባታችን ምን ይሆን እንደ ነበር አንረሳውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ፥ ቍጥር 1320፥ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ከወዲሁ ይህን እንዴት እንደሚያልፉት የሚመካከሩ የክፍል ጓደኞች አሉን! ገና አንድ ጡብ ሳይኖራቸው።

እኛ ለአንድነት ማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ለአዳራሹ ተናጋሪ የሚከፈለው ገንዘብ ይቅርና፥ የሕግ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት አንድ ጠረጴዛ ያውጡ። ተማሪም ሆነ የተማሪ ወላጅ ውሉን ይዞ ይምጣ፤ ይነበብለት፤ ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የት ሄዶ እንደሚጠይቅ ይነገረው። ከሒሳብ አያያዝ ክፍል አንድ ሰው አብሮ ይቀመጣል። እርሱም አንገቱን ደፍቶ የነበረው ወዳጃችን ነው፤ ራሱ ጠይቆ ተስማምቷል። መጀመሪያ የሚያሰላውም የእናቱን ደብተር ነው።