«ሁሉም ይበላዋል» መልስ አይደለም



ባለፈው ሴሚስተር ለመስክ ጉብኝት ወደ መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሄደን ነበር። ማዕከሉ ከአዳማ በአሰላ መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ጠዋቱን በቦሎቄና በሽንኩርት መደቦች መካከል በፀሐይ ስንዞር ቆይተን፣ ዙህር ሰግደን ስንጨርስ ረሃቡ ጠናብን። አራት ነበርን። ሦስታችን ሙስሊሞች ነን፤ አራተኛው የዶርም ጓደኛችን ኦርቶዶክስ ነው። ከመካከላችን አንዱ «የካፌ ምግብ ሰልችቶኛል፣ ዛሬ በርገር ሳልበላ ግቢ አልመለስም» አለ። ሁላችንም ተስማማንና ፍለጋ ጀመርን።

የመጀመሪያው ቤት ያምራል። ግድግዳው ላይ ትልቅ የበርገር ፎቶ ተለጥፏል፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው። ቁጭ እንዳልን አስተናጋጁን «ሥጋው የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ «አይዟችሁ፣ ሁሉም ይበላዋል» አለኝ። «ሁሉም ማለት?» ስለው «ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ እስካሁን የጠየቀ የለም» ብሎ መለሰ። አንዱ ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር በእግሩ ነካ አደረገኝ፤ አታሳፍረን ማለቱ ነው። ለስላሳችንን ጠጥተን፣ ሂሳብ ከፍለን ወጣን።

ከበሩ ትንሽ ራቅ እንዳልን ኦርቶዶክሱ ጓደኛችን ሳቀ። «እንኳን ጠየቅክ። እኔም መጠየቅ ፈልጌ አፍሬ ነው። የሙስሊም ሥጋ መብላቴን እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ?» አለኝ።

ለካ አራታችንም ያንኑ ጥያቄ በሆዳችን ይዘን ነበር የተቀመጥነው። ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

በወላጆቻችን ዘመን ይህ ጥያቄ አያሳፍርም ነበር። ሙስሊም ደግሶ ክርስቲያን ጎረቤቶቹን ሲጠራ ለእነርሱ የሚሆነው በግ ለብቻ፣ በራሳቸው ሰው እጅ ይታረዳል። ክርስቲያኑም ሲደግስ ለእኛ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል፤ ጨዋታውና ምርቃቱ ግን አንድ ላይ ነው። ሥጋ ቤቱም ቢሆን በበሩ ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል ይሥላል። ገዢው ምልክቱን አይቶ ይገባል ወይም ያልፋል። ማንም ማንንም አላስቀየመም።

በርገር ቤቶች ሲበዙ ግን በብዙዎቹ በር ላይ ያ ምልክት የለም። ባለቤቱ ደንበኛ እንዳይሸሸው ይፈልጋል፤ በዚህ አልወቅሰውም። ቤቱም ዘመናዊ መምሰል አለበት፤ ጨረቃም መስቀልም ለፎቶ አይመችም ይሆናል። ምልክቱ ከበሩ ወረደ፣ ጥያቄው ግን ከእኛ ላይ አልወረደም። በር ላይ በሥዕል ይመለስ የነበረው ነገር ዛሬ በአፍ መጠየቅ አለበት። እኛ ደግሞ መጠየቁን እንደ ኋላ ቀርነት እየቆጠርን አፍረናል።

በርገር ከሌላው ምግብ ይበልጥ መጠየቅን ይፈልጋል። ጥብስ ሲቀርብላችሁ ቢያንስ ሥጋውን ታዩታላችሁ፤ ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደተገዛ መጠየቁም ቀላል ነው። የበርገር ሥጋ ግን ተፈጭቶ፣ ቅመም ገብቶበት፣ ተጠፍጥፎ ነው የሚመጣው። ከሁለት ሥጋ ቤት የተገዛ አንድ ላይ ቢፈጭ ዓይናችሁም ምላሳችሁም አይለየውም። በላዩ ላይ «ስፔሻል» የሚባለው አለ፤ በአንዳንድ ቤት እንቁላልና አይብ ብቻ ሳይሆን ሞርታዴላ ይጨመርበታል። ሞርታዴላው ከምን ሥጋ እንደተሠራ ማሸጊያውን ያላየ ሰው ሊያውቅ አይችልም። በነገራችን ላይ «ሃምበርገር» የሚለውን ስም ሰምተው ከአሳማ ሥጋ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ስሙ ከጀርመኗ ከተማ ከሃምቡርግ የመጣ ነው፤ ከአሳማ ጋር ግንኙነት የለውም። ስሙ አያስጨንቃችሁ፣ ውስጡን ጠይቁ።

ሞጆን አስቧት። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፋት ይህች ከተማ ሥጋ ወደ ውጭ የሚልኩ ቄራዎች አሏት። የበግና የፍየል ሥጋ በሐላል ደንብ ታርዶ፣ ቀዝቅዞ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኤምሬትስ ይሄዳል። እዚያ ያለው ገዢ «ማን አረደው? እንዴት ታረደ?» ብሎ ለመጠየቅ አያፍርም፤ ማስረጃ ሳያይ አይቀበልም። ያ ሥጋ የሚነሳበት አካባቢ የምንኖር እኛ ግን አንድ አስተናጋጅ በቃል ለመጠየቅ አንገታችንን እንደፋለን።

ይህን ሳነሳ የሚቀርብልኝ መከራከሪያ አለ። «ቢስሚላህ ብለህ ብላ፣ አታጥብቅ» ይሉኛል። የሚጠቅሱት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያስተላለፈችውን ሐዲስ ነው፤ ሰዎች ሥጋ ያመጡልናል፣ ሲያርዱ የአላህን ስም ያውሱ አያውሱ አናውቅም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እናንተ የአላህን ስም አውሱና ብሉ ያሉበት። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ነገር ግን ሥጋውን ያመጡት ሰዎች እነማን እንደነበሩ እዚያው ተገልጿል፤ ወደ እስልምና አዲስ የገቡ ሙስሊሞች ናቸው። የሚያስተምረን ሙስሊም ወንድማችንን በጥርጣሬ እንዳናስጨንቀው ነው። አራጁ ጨርሶ ባልታወቀበት ቦታ ዓይናችንን ጨፍነን እንድንበላ አይነግረንም።

ሌላው ደግሞ ሱረቱል ማኢዳ ላይ የመጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ እንደተፈቀደ ያነሳል። ይህ የዑለማዎች ጉዳይ ነው፤ እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፣ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን አቋም የያዘ ሰው እንኳ ሥጋውን ማን እንዳረደው ማወቅ ይኖርበታል። ለእርሱም ቢሆን «ሁሉም ይበላዋል» መልስ አይሆነውም።

በሌላ በኩል ከማፍረት የባሰ ጥፋት እንዳለ ከራሴ ስህተት ተምሬአለሁ። ከአንድ ዓመት በፊት በቴሌግራም አንድ መልእክት ደረሰኝ። ግቢያችን አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ሐላል ያልሆነ ሥጋ ለሙስሊም ተማሪዎች ይሸጣል ይላል። ማን እንደጻፈው አላውቅም። ለሰው አዘንኩ መሰለኝና ሳላጣራ ለሦስት ግሩፕ አስተላለፍኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሞች ሄደው ጠየቁ፤ ባለቤቷ የምትገዛበትን ሙስሊም ሥጋ ቤት አሳየቻቸው፣ ባለ ሥጋ ቤቱም መሰከረላት። ሐሰት ነበር። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ተማሪው ሸሽቷት ነበር። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣላችሁ አረጋግጡ፣ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ ብሎ ያስጠነቅቀናል። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በጣቴ ግን ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር ዝምታውና ወሬው ወንድማማቾች መሆናቸው ነው። ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ያልጠየቅነው ጥያቄ በኋላ በስልክ ሐሜት ሆኖ ይወጣል።

ወደ መልካሳ ልመልሳችሁ። ከመጀመሪያው ቤት ወጥተን ትንሽ እንደተጓዝን አንዲት ጠባብ ቤት አገኘን። በር ላይ መጥበሻ ተጥዷል፤ አንድ ሽማግሌ ሽንኩርት ይጠብሳሉ። «አባቴ፣ ሥጋው ከየት ነው የሚመጣው?» አልናቸው። ቅር አላላቸውም። በማንኪያቸው ወደ ጎን እየጠቆሙ «ልጄ፣ እዚያ ጨረቃ ያለበት ሥጋ ቤት ይታይሃል? ጠዋት ከእርሱ ነው የማስፈጨው። ሂድና ጠይቀው» አሉኝ። ጓደኛችንን ደግሞ አንገቱ ላይ ማዕተብ አይተው «አንተ ልጅ፣ ለአንተ እንቁላል በሌላ መጥበሻ ልሥራልህ?» አሉት። ድስቱና ጭልፋው ይለያል ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ ወላጆቻችን የሚያውቁትን ጨዋነት በርገር ቤት ውስጥ አስገቡት እንጂ። አራታችንም ጠግበን፣ አብረን በልተን ተነሳን።

በርገሩስ እንዴት ነበር ለምትሉ፣ ዳቦው ትንሽ ደረቅ ነበር፣ ሥጋው ግን ግሩም ነው። ቁርኣን የሚያዘን ሐላልና ጠይብ የሆነውን እንድንበላ ነው። ሐላል ሆኖ የቆየ፣ በጠቆረ ዘይት የተጠበሰ በርገር ግማሹን ብቻ አሟልቷል። ስለዚህ ጥራቱንም ጠይቁ። ሥጋው በዕለቱ የተፈጨ ይሁን፤ የተፈጨ ሥጋ ከሙዳ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። መሃሉ ቀይ ከሆነ ይመለስላችሁ፤ ቁርጥ ለምዶብናል ብላችሁ አትለፉት፣ ሲፈጭ ላዩ ላይ ያለው ጀርም ወደ ውስጥ ይገባልና። የድንች መጥበሻው ዘይት ጠቁሮ ከሆነ ድንቹን ተዉት።

አትክልቱን በተመለከተ እድለኞች ነን። አዋሽ ዳር የሚመረተው ቲማቲምና ሽንኩርት እዚሁ ነው ያለው። መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ የሚባሉት የቲማቲም ዝርያዎች፣ አዳማ ሬድ የሚባለውም ሽንኩርት ከዚሁ ከመልካሳ ማዕከል የወጡ ናቸው። እዚህ አካባቢ በርገር ውስጥ የጠወለገ ቲማቲም የሚያስገባ ሰው ምክንያት የለውም።

የትንሽ ከተማ ጥቅሙም ይኸው ነው። አዳማ መሃል ካለው ባለ መስታወት ቤት ባለቤቱን ማግኘት ይከብዳል፤ አስተናጋጁም ሥጋው ከየት እንደሚመጣ ላያውቅ ይችላል። መልካሳ ላይ ግን ከሥጋ ቤቱ እስከ መጥበሻው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በእግራችሁ ልትከተሉት ትችላላችሁ።

ስንጠይቅ ግን አደብ ይኑረን። ከማዘዛችን በፊት፣ በዝግታ፣ «ሥጋው ከየትኛው ሥጋ ቤት ነው? ስፔሻሉ ውስጥ ምን ይገባል? መጥበሻው አንድ ነው?» ብለን ሦስቱን እንጠይቅ። መልሱ ካላረካን አመስግነን እንነሳ ወይም ሌላ ነገር እንዘዝ። ቤቱ ጨረቃ የሰቀለ፣ ባለቤቱም ሙስሊም ከሆነ ደግሞ እንደ መርማሪ አንሁንበት። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የሚሸጥ ቤት ሁሉ የሙስሊም ነው ብላችሁም አትደምድሙ፤ ፍንጭ ሊሆን ይችላል፣ ማስረጃ ግን አይደለም።

ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ከሚያፍር፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶች ተመድበው በግቢው ዙሪያና በአቅራቢያ ከተሞች ያሉትን ምግብ ቤቶች ይጠይቁ። ባለቤቱን ያነጋግሩ፣ ሥጋ ቤቱን ይዩ፣ የጠየቁበትን ቀን ጽፈው ይለጥፉ። ሥጋ የሚገዛበት ቦታ ይቀየራልና ዝርዝሩ በየሴሚስተሩ ይታደስ። ዝርዝሩ የተረጋገጡትን ብቻ ይያዝ፤ ያልተረጋገጠውን ቤት «ሐራም» ብሎ የሚጽፍ እጅ አይኑርበት። ፍላጎቱ ያላቸውን ባለቤቶች ደግሞ ምልክታቸውን ወደ በራቸው እንዲመልሱ እንጠይቃቸው። ብዙ ተማሪ ደንበኛ እንደሚያመጣላቸው ሲያዩ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ይህ በተለይ ለፍሬሽ ወንድሞችና እህቶች ነው። ከቤቷ ርቃ የማታውቅ አንዲት እህት አዳማ ደርሳ፣ የሥጋው ነገር ግራ ገብቷት ወር ሙሉ ዳቦ በሻይ ስትበላ እንደነበር ነግራኛለች። ለመጠየቅ ታፍራለች፤ ሳትጠይቅ ለመብላት ደግሞ ትፈራለች። አንድ ገጽ ዝርዝር ይህን ሁሉ ያቀልላት ነበር።

ዝርዝሩ እስኪዘጋጅ ግን አንጠብቅ። በዚህ ሳምንት በርገር ልትበሉ ከወጣችሁ፣ ኪሱ ያልሞላውን ጓደኛችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ከዚያ ከመካከላችሁ አንዱ፣ ማንም በጠረጴዛው ሥር በእግሩ ሳይነካው፣ ይጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።