ለውሻ ደግሞ ኬሞ?

የዛሬው ጉዳይ አንዳንዶቻችሁን ያስቃችሁ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ደብዳቤው የመጣው ከሂርና ነው። ጸሐፊዋ ወጣት ናት። ውሻቸው ከብልቱ ደም ይንጠባጠባል፤ ወንድሞቿ «መርዝ እንስጠውና ይረፍ» ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ለሐኪም መናገሩን አፍራለች። «ምን ይሻለኛል?» ትላለች።

እህቴ፣ ሀፍረትሽን አውቀዋለሁ። ገለምሶ ሳለን ሻምበል የሚባል ውሻ ነበረን። ጅብ ግቢያችንን የሚፈራው በእሱ ምክንያት ነበር። ደሙ ሲጀምር ቤተሰቡ በሙሉ አየ፤ ትንፍሽ ያለ ግን አልነበረም። ቦታው ያሳፍራላ! «ሲጣላ ተነክሶ ነው» ተባባልንና በጨው ውሃ እያጠብን ሦስት ወር አሳለፍን። እብጠቱ የአበባ ጎመን መስሎ ሲወጣ ነው የነቃነው።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር ለምኜ ቺሮ ወሰድኩት። ሾፌሩ የውሻውንም የሰው ሂሳብ አስከፈለኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ከእብጠቱ ላይ ጥቂት በመስታወት ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየና «ካንሰር ነው» አለኝ። ክው አልኩ። እሱ ግን ፈገግ ብሎ «አይዞህ፣ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይድናል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ካንሰር ሕዋሱ ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይሸጋገራል፤ ሲገናኙ፣ ሲላላሱ፣ ሲሸታተቱ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት መነሻው ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመታት በፊት በእስያ የኖረ አንድ ውሻ እንደሆነ ገምቷል። ውሻው ድሮ ሞቷል፤ ካንሰሩ ግን እየተላለፈ ገለምሶ ደረሰ! ወደ ሰው አይተላለፍም።

መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ይባላል። የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ሲሆን የደም ካንሰር ላለባቸው ሕፃናትም ይሰጣል። ለውሻ በሳምንት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 መርፌ፣ በደም ሥር ነው። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል፤ ስለዚህ «እኔ እወጋዋለሁ» የሚል የሰፈር ጀግና አይንካው። በየመርፌው በፊትም የነጭ ደም ሕዋሱ መጠን ቢታይ መልካም ነው።

ሰፈር ሲሰማ ጉድ ፈላ። አንድ ጓደኛዬ «ሰው ጥቁር አንበሳ ወረፋ እየጠበቀ አንተ ለውሻ ኬሞ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንገቴን ደፋሁ። ለዚህ ጥያቄ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ያን ቀን የመለሱልኝ ጎረቤታችን ሼኪው ናቸው። እሳቸው ውሻ አይነኩም፤ ግን «ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው አላህ ምሮታል፤ ልጁን ተውት» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረኝ የለም።

ቤት ውስጥ ሥራው የእናቴ ነበር። ከመርፌው በኋላ ሻምበል ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል። እሷ መረቅ በትንሽ በትንሹ እያቀረበች «ቅመስ እንጂ ልጄ» ትለዋለች። ለጥቂት ቀናት ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በጓንት እናነሣ ነበር፤ መድኃኒቱ በዚያ ይወጣልና። ነፍሰ ጡር የነበረችውን እህቴንና ሕፃናቱን አራቅን። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ደሙ ቆመ፤ በአምስተኛው እብጠቱ ጠፋ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። እኛ በሀፍረት ዝም ባልንባቸው ወራት ሻምበል ሰፈር ይዞር ነበር። የጎረቤት እናት ውሻ ያንኑ በሽታ ያዘች። ባለቤቶቿ ምን እንደሆነ ስላላወቁ መርዝ ሰጧት። እኛ ቀድመን ብንናገር ትድን ነበር ብዬ አስባለሁ። ያቺን ውሻ በሽታው አይደለም የገደላት፤ የእኛ ዝምታ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ዛሬውኑ ውሻውን እሰሪው፤ ከሌሎች ውሾች ጋር አይገናኝ። ወንድሞችሽን «መጀመሪያ ይመርመር» በያቸው። ሂርና እኮ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ ደጃፍሽ ላይ ነው፣ ሄደሽ ጠይቂ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲና ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አሉ። ሲድን ይኮላሽ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ለሐኪሙ አስታውሺ። ሐኪሙ አይድንም ካለሽ እንኳ ሳይሠቃይ የሚያርፍበትን መንገድ እሱ ያውቃል፤ መርዝ ግን ሥቃይ ነው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ ደግሞ ቦታውን በስሙ ጥሪው። በሽታውን የሰው ልጅም የሚደብቀው በዚሁ ሀፍረት አይደል?

ለሳምንት ሰው ይበለን!