ሌንሱን ወደ ግራሩ ቀና እናድርግ

የቱርሚ፣ የዲመካና የጂንካ ልጆች፣ አስጎብኚዎች፣ መምህራን፣ ካሜራ ያላችሁ ሁሉ! ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

ሰኞ የቱርሚ ገበያ ሲቆም ስንት ሌንስ ይደረደራል! ሁሉም የሚያነጣጥረው የሐመር ሴቶች ጠጉርና ጨሌ ላይ ነው። እዚያው ዳር ባለው ግራር ላይ ጀርባዋ በሰማያዊ የሚያብረቀርቅ፣ ሆዷ የቀላ ወፍ ትንጫጫለች፤ ቀና ብሎ የሚያነሳት ግን ጥቂት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ወፍ ስከተልና ፎቶ ሳነሳ ኖሬያለሁ። ባለቤቱ አብሮት ያደገው ሀብት በራሱ እጅ ሳይጻፍ ሲቀር ያንገበግበኛል።

ዕውቀቱማ ከእረኛው ዘንድ አለ። ሰውን ወደ ንብ የምትመራውን ማር ጠቋሚ ወፍ አስቡ። ኬንያዊው ሁሴን አዳን ኢሳቅ ከባልደረባው ጋር በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች መካከል ያጠናው ጥናት በ1981 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ። ማር ፈላጊው በማያውቀው አገር ብቻውን ሲንከራተት አንድ የንብ መንጋ ለማግኘት በአማካይ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ ወፏ ስትመራው 3 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ በቃው። ሽማግሌዎች ስንት ዘመን ሲናገሩት የኖሩት ነው! ዓለም አምኖ የተቀበለው ግን ተለክቶ ሲጻፍ ነው። ቀፎ ዛፍ ላይ ሲሰቀል እያየ ያደገ የሐመር ልጅ ይህን የመሰለ ሥራ ለመሥራት ምን ያንሰዋል?

የሚጻፈውም ብዙ ነው፤ ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች አሏት። ስለዚህ እንጀምር! በየዓመቱ በግንቦትና በጥቅምት መባቻ አካባቢ በሚውል አንድ ቅዳሜ፣ በመላው ዓለም ያሉ ወፍ ወዳዶች በአንድ ቀን ያዩትን ሁሉ ቆጥረው «ኢበርድ» በተባለው መዝገብ ያስገባሉ። ቅዳሜ የዲመካ ገበያ ነው፤ ከገበያው በፊት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ካስኬ ወንዝ ዳር እንውጣ። አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ፎቶ ያንሳ፣ አንዱ ደግሞ አባቶችን ጠይቆ የወፉን የሐመርኛ ስም ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን ከሁሉ አስበልጣለሁ፤ ፎቶው ነገም ይነሳል፣ ስሙን የሚያውቁት አዛውንት ግን ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

ጎጆ አንንካ። ለአንድ ፎቶ ብለን የተቀመጠች ወፍ አናስነሳ፣ ጫጩት የያዘችውንም አናስጨንቅ።

የጂንካ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪዎች፣ ማጎ ፓርክ ደጃችሁ ነው፤ መዝገቡን እናንተ ያዙ። አስጎብኚዎች፣ ለወፍ የመጣ እንግዳ ጎህን ይጠብቃል፣ አመሻሹን ይጠብቃል፤ አንድ ሌሊት ጨምሮም ያድራል። የወፎቹን ስም አጥንታችሁ ጠብቁት።

በመጪው ቆጠራ ካስኬ አሸዋ ላይ እንገናኝ። ባይኖኩላር የሌለው አይቅር፤ በተራ እናያለን። ስልክ ያለው ስልኩን፣ ደብተር ያለው ደብተሩን ይዞ ይምጣ!