የዋና አሰልጣኙ ደመወዝ ከማን ኪስ ነው?

(ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጁን 2025 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የፌዴራል ዳኛ ያጸደቁት የፍርድ ቤት ስምምነት የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት ከሥሩ አናግቶታል። ስምምነቱን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኛ ተማሪዎቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ይችላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለአስርት ዓመታት ስታዲየም ሲሞሉ ኖረው ከትምህርት ወጪያቸው በቀር ብዙም ያላገኙ ልጆች የድካማቸውን ዋጋ ማግኘታቸው ፍትህ ነው፣ ዘግይቷል እንጂ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ የሚያስገቡት ስፖርቶች በዋናነት ሁለት ናቸው፦ ቅርጫት ኳስና ፉትቦል (እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ሳይሆን ያ ሞላላ ኳስ በእጅ የሚያዝበት)። ዋና፣ ትግል፣ ጂምናስቲክ፣ አትሌቲክስ ከእነዚህ ማዕድ የሚቋደሱ ናቸው። አሁን ማዕዱ ጠበበ። ካል ፖሊ የተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገና ስምምነቱ ሳይጸድቅ፣ በማርች 2025፣ የወንዶቹንም የሴቶቹንም የዋና ቡድን ዘጋ። ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ስምምነት ነበር።

«ታዲያ የዋና ቡድን ቢዘጋ ምን ይጎድላል?» የሚል አይጠፋም። ምን እንደሚጎድል ለማየት የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ይበቃኛል።

ጄምስ ካውንስልማን ይባላሉ። የዋናው ዓለም የሚያውቃቸው «ዶክ» በሚለው ቅጽል ነው። በ1920 አላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቢ-24 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ፤ በጀግንነታቸውም ተሸልመዋል። ከጦርነቱ ተመልሰው ወደ ትምህርት ገቡና በ1951 ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ልብ በሉ፣ ዘመኑ አሰልጣኝ ማለት ፊሽካ አንጠልጥሎ በገንዳ ዳር የሚጮህ ሰው ማለት የነበረበት ነው።

በኒውዮርክ ግዛት ኮርትላንድ በሚገኝ ትንሽ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምሩ ጆርጅ ብሪን የሚባል ተማሪ አገኙ። ብሪን በውድድር ደረጃ መዋኘት የጀመረው ኮሌጅ ከገባ በኋላ ነው። በዚህ ስፖርት ይህ ማለት እጅግ የዘገየ ማለት ነው፤ ሌሎቹ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ነው የሚጀምሩት። ያ ልጅ በ1956 የ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ከሜልቦርን ኦሊምፒክም ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ።

በ1957 ካውንስልማን ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። እስከ 1990 እዚያው ቆዩ፤ 33 ዓመት በአንድ ገንዳ። ካሜራ ውሃ ውስጥ አስገብተው ምርጥ ዋናተኞችን ከሥር ይቀርጹ ነበር። ያኔ የነበረው እምነት እጅ እንደ መቅዘፊያ ቀጥ ብሎ ውሃውን ወደ ኋላ ይገፋል የሚል ነው። ፊልሙ ያሳየው ግን የጎበዞቹ እጅ ወደ ጎንና ወደ ጎን እየተጠማዘዘ እንደሚሄድ ነበር። እሳቸውም እጅ በውሃ ውስጥ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሠራል ብለው በ1971 ጻፉ (የቀድሞ ፓይለት ባይሆኑ ይህ ይታያቸው ነበር ወይ? እጠራጠራለሁ)። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቀጥታ ግፊቱ እሳቸው ካሰቡት በላይ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል፤ የክንፉ ማብራሪያ በከፊል ተሽሯል። ዋናተኛን በዓይን ግምት ሳይሆን በፊልም መመርመር ግን ዛሬ የትም አገር ያለ አሰልጣኝ የሚያደርገው ሆኗል። በ1968 ያሳተሙት የዋና ሳይንስን የሚተነትን መጽሐፍም ለአሰልጣኞች ትውልድ ማስተማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ውጤቱን ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም ቁጥር ስለሆነ። ከ1961 እስከ 1980 በሊጋቸው 20 ተከታታይ ዋንጫ፤ ከ1968 እስከ 1973 ስድስት ተከታታይ የአገር አቀፍ የኮሌጅ ሻምፒዮና። በሙኒክ ሰባት ወርቅ የወሰደው ማርክ ስፒትዝ የእሳቸው ተማሪ ነው። በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ከ50 ሰከንድ በታች ለመግባት የመጀመሪያው የሆነው ጂም ሞንትጎመሪም እንዲሁ። በ1976 በሞንትሪያል የአሜሪካ ወንዶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነው ከ13 ወርቅ 12ቱን ወሰዱ። በ1979 ደግሞ በ58 ዓመታቸው ራሳቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የእንግሊዝን ቻናል በዋና ተሻገሩ። እስከዚያ ድረስ በዚያ ዕድሜ የተሻገረ አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ኢንዲያና በ1960 በፉትቦል ቡድኑ የተጫዋች ምልመላ ጥፋት ለአራት ዓመት ተቀጣ። ቅጣቱ ያረፈው በፉትቦሉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ስፖርቶች በሙሉ ከአገር አቀፍ ሻምፒዮናዎች ታገዱ። በአገሪቱ ካሉት ምርጥ የዋና ቡድኖች አንዱ ባላጠፋው ጥፋት በሩ ተዘጋበት። የኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ኑሮ ይህን ይመስላል፦ ፉትቦል ሲጠግብ ትበላለህ፣ ፉትቦል ሲያጠፋ ትቀጣለህ። ዛሬ ደግሞ የፉትቦል ተጫዋች ደመወዝ ሲቆረጥለት ቡድንህ ይዘጋል።

ተቃራኒውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ ቀላልም አይደለም። የፉትቦልና የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በብዛት ጥቁሮች ናቸው፣ ብዙዎቹም ከድሃ ቤት የመጡ። ዋና ደግሞ ገንዳ ያለው ሰፈር ያደገ ልጅ ስፖርት ነው። ታዲያ የድሃው ልጅ ላብ የባለገንዳውን ልጅ ስኮላርሺፕ ለምን ይሸፍናል? ጥያቄው ትክክል ነው። ግን የስምምነቱ ሌላ አንቀጽ ማንን እንደሚመታ እዩ። ለእያንዳንዱ ቡድን የተጫዋች ብዛት ጣሪያ ተቀምጧል፣ ለዋና 30፤ አንዳንድ ሊጎች ለወንዶች ከዚያም ዝቅ አድርገውታል። ያለ ስኮላርሺፕ በራሱ ፈቃድ መጥቶ ቡድኑን የሚቀላቀለው፣ ዘግይቶ የጀመረው፣ ገና ያልተፈተነው ልጅ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። በባለገንዳ ሰፈር ያደገውማ በ18 ዓመቱ ሰዓቱን አስመዝግቦ ጨርሷል። ጆርጅ ብሪን ዛሬ ቢመጣ ስሙ ከዝርዝሩ የሚገባ አይመስለኝም።

አሜሪካ የስፖርት ሚኒስቴር የላትም። ኦሊምፒክ ኮሚቴዋ እንደ ብዙ አገሮች በመንግሥት በጀት አይተዳደርም። ዋናተኛዋን እስከ 22 ዓመቱ የሚቀልበው ዩኒቨርሲቲ ነው። የራሷን ብቻም አይደለም፤ በፓሪስ 2024 ለፈረንሳይ አራት ወርቅ በግሉ የወሰደው ሊዮን ማርሻን የሠለጠነው በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በቦብ ቦውማን ሥር ነበር። ለእኛ ይህ አሠራር ባዕድ አይደለም። የእኛም አትሌት በአብዛኛው የሚያድረው ዋና ሥራው ስፖርት ባልሆነ ተቋም ጥላ ሥር ነው፦ በባንክ፣ በፖሊስ፣ በመከላከያ። የተቋሙ ሒሳብ በተናወጠ ቁጥር አሰልጣኙ ምን እንደሚሰማው የአገራችን የአትሌቲክስ ክለቦች በደንብ ያውቁታል።

ታዲያ ገንዘቡ በእርግጥ የለም? ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2023 የፉትቦል አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት፣ ውሉ ሳያልቅ በመሰናበታቸው ብቻ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍላቸው ተስማምቷል። ይህ እንዳያሠለጥኑ የሚከፈል ነው። ለተጫዋቾች ከሚከፈለው የአንድ ዓመት ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የፉትቦል አሰልጣኞች ውል ላይ ጣሪያ ያስቀመጠ ስምምነት ግን እስካሁን አላየሁም። ለዋናተኞች ብዛት ግን ጣሪያ ተገኝቷል።